ልጅ ሁሉ በአንድ ክፍል፤ የመምህሩ ዝግጅት ከትናንት እስከ ዛሬ

(ለመምህራን፣ ለመሠረተ ትምህርት አስተማሪዎችና ለወላጆች በሬዲዮ የቀረበ ንግግር)

 

ዛሬ የማናግራችሁ ከአዲስ አበባ ደቡብ፣ ከነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ሆኜ ነው። የዚህ ሰፈር ስም ራሱ የሬዲዮ ነገር ነው። ቀደም ባለው ጊዜ ገመድ ሳይዘረጋለት መልእክት የሚያስተላልፈውን መሣሪያ ሰዎች «ነፋስ ስልክ» ይሉት ነበር። ስሙም ሰፈር ሆኖ ቀረ። ድምፅ በነፋስ ተጉዞ ከሰው ጆሮ ይደርሳል ማለት ነው። ታዲያ ድምፅ የማይደርሰው ጆሮ ሲኖርስ? ጥቁር ሰሌዳው የማይታየው ዓይን ሲኖርስ? የዛሬው ንግግራችን በዚህ ላይ ያተኩራል።

ርዕሳችን የአካቶ ትምህርትና የክፍል መምህሩ ዝግጅት ነው። አካቶ ትምህርት ማለት የሚያየውም የማያየውም፣ የሚሰማውም የማይሰማውም፣ ቶሎ የሚገባውም ዘግይቶ የሚገባውም ልጅ በሰፈሩ ትምህርት ቤት፣ በአንድ ጣራ ሥር አብሮ እንዲማር ማድረግ ነው። ሐሳቡን ሲሰሙት ደግ ነው፤ የሚቃወመውም ብዙ የለም። ጥያቄው ግን ሌላ ነው። ያ ልጅ ከክፍሉ ሲገባ ፊቱ የሚቆመው መምህር ተዘጋጅቷል ወይ? መዘጋጀት ማለትስ ምን ማለት ነው? ይህንን ለመመለስ ወደ ኋላ ሄደን ታሪኩን እናያለን። በመጀመሪያ ግን ከራሴ ልጀምር፤ ሌላውን ከመተቸት ይሻላልና።

እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ከመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ወጥቼ ማስተማር በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ተሰጡኝ። ስልሳ ሦስት ልጆች ነበሩ። ከነሱም መካከል በመጨረሻው ዴስክ፣ በመስኮቱ በኩል የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ነበረች። ስሟን አልጠራም። ስጠራት አትመልስም፤ «ደብተር አውጡ» ስል ጎረቤቷ ካወጣች በኋላ ነው የምታወጣው። ፊደል ሳስቆጥር አፏ ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፅዋ ከሌሎቹ ጋር አይገጥምም። በማስታወሻዬ ላይ «ዝንጉ ናት፤ ትኩረት የላትም» ብዬ ጻፍኩ። በዓመቱ መጨረሻም ክፍሉን ደገመች።

በሚቀጥለው ዓመት መስከረም አያቷ ሊያስመዘግቧት መጡ። በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈን አድርገው እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ እባክሽ በቀኝ በኩል አስቀምጫት።»

«ለምን እማማ?» አልኳቸው።

«የግራ ጆሮዋ እኮ አይሰማም። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሲመግል ነው የኖረው። እኔ ቤት ውስጥ ስጠራት በቀኝ በኩል ዞሬ ነው። በግራ ከጠራኋትማ ሲኒው ቢሰበርም አትሰማ።»

ውድ አድማጮች፣ ፊደል ያልቆጠሩ አሮጊት ያወቁትን ነገር እኔ ዓመት ሙሉ አላወቅሁም። ይበልጥ ያሳፈረኝ ደግሞ በማሠልጠኛ ተቋም የልዩ ፍላጎት ትምህርት የሚባለውን ኮርስ ተምሬ ያገኘሁት ውጤት «ኤ» መሆኑ ነው። የመስማት ችግር ምክንያቶችን በዝርዝር ጻፊ ቢሉኝ እጽፍ ነበር። ከፊቴ ተቀምጣ የማትሰማውን ልጅ ግን አላየኋትም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ አባቶች፤ ጤነኛ የነበረው የእኔ ጆሮ ነው ባዳ የሆነብኝ።

ልጅቱን ከፊት፣ ግራ ጆሮዋን ወደ ግድግዳው፣ ቀኝ ጆሮዋን ወደ እኔ አድርጌ አስቀመጥኳት። ለአያቷም ጤና ጣቢያ እንዲወስዷት ነገርኳቸው። በገና ፊደል ለይታ ቃል ማንበብ ጀመረች። ደስ አለኝ ብዬ ነገሩን ልጨርሰው አልችልም፤ የጠፋው ዓመት አልተመለሰላትምና። እኩዮቿ ሦስተኛ ክፍል ናቸው፤ እሷ ከታናናሾቿ ጋር ናት።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ይከነክነኝ ጀመር። በየቀኑ በታክሲ የማልፍበት መካኒሳ ውስጥ መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት አለ። ከተቋቋመ ስንት ዘመኑ ነው! እኔ የቸገረኝን ነገር ለማስተማር ሙያዬ ብለው የያዙ መምህራን ያሉት እዚያው በክፍለ ከተማዬ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ሳልፍ አንድ ቀን በሩን አንኳኩቼ «እንዴት ነው የምታስተምሩት?» ብዬ አልጠየቅሁም። እነሱም ወደ እኛ እንዲመጡ የጋበዘ አልነበረም። በመካከላችን ያለው አጥር የግንብ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ይህ አጥር ከየት መጣ? ታሪኩ ይህንን ያስረዳናል።

እስቲ ከድሮው የአገራችን ትምህርት እንነሣ። በአብነት ትምህርት ቤት ልጁ ፊደል ይቆጥራል፣ ንባብና ዳዊት ይደግማል፤ ከዚያም እንደ ፍላጎቱ ወደ ዜማ ቤት ወይም ወደ ቅኔ ቤት ይሻገራል። በዜማውና በቅኔው ቤት ዋናው መሣሪያ ጆሮና ቃል ነው። መምህሩ ይናገራል፤ ተማሪው ተቀብሎ በቃሉ ይይዛል፤ ይቀጽላል። በዚህም ምክንያት ዓይነ ስውር ተማሪ ከሚያየው ጓደኛው እኩል ተቀምጦ ይማር ነበር። ተመርቆም መምህር ይሆን ነበር። ዓይነ ስውር የሆኑ የዜማና የቅኔ መምህራን በአገራችን የታወቁ ናቸው። በቁርአን ቤትም እንዲሁ ነው፤ ዓይነ ስውሩ ቁርአንን በልቡ ይዞ ሓፊዝ ይሆናል።

ይህ ለምን ሆነ? የጥንቱ የኔታ ስለ አካቶ ትምህርት ሥልጠና ወስደው አይደለም። የማስተማሪያ ዘዴው በጆሮ ስለሆነ ነው። በአንጻሩ ያው ቤት ለማይሰማው ልጅ ዝግ ነበር። ቃል የማይደርሰው ልጅ በቃል ትምህርት ቤት ምን ቦታ አለው? እንግዲህ ከዚህ አንድ ትልቅ ነገር እንማራለን። አንድን ልጅ ከትምህርት ቤት የሚያስገባውም ሆነ የሚያስወጣው የልጁ ጉዳት ብቻ አይደለም፤ አስተማሪው የያዘው ዘዴም ነው። ይህንን ነጥብ ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት ዘመናዊው ትምህርት ከነጥቁር ሰሌዳውና ከነመጽሐፉ መጣ። ዘዴው ተለወጠ። ትምህርቱ ዓይንም ጆሮም ጠየቀ። በቅኔ ቤት ቦታ የነበረው ዓይነ ስውር ልጅ በሰሌዳው ፊት ቦታ አጣ። ስለዚህ ለእነዚህ ልጆች የተለየ ትምህርት ቤት የማቋቋም ሐሳብ መጣ። የመጀመሪያው ሙከራ ተብሎ የሚጠቀሰው በ1917 ዓ.ም. አካባቢ ሚሲዮናውያን በወለጋ ደምቢ ዶሎ ለዓይነ ስውራን የጀመሩት ትምህርት ነው። በ1950ዎቹ ዓመታት ደግሞ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጎ አድራጎት ድርጅት አማካይነት የሰበታው መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ተቋቋመ። ሰበታ ከእኛ ክፍለ ከተማ ሩቅ አይደለችም፤ በጅማ መንገድ ወጣ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። ትምህርት ቤቱ አዳሪ በመሆኑ ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ልጆች እዚያው እየኖሩ ተማሩ።

እነዚህ ልጆች የተማሩት በብሬል ነው። ብሬልን የፈለሰፈው ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬል ነው። በ1809 እ.ኤ.አ. ተወለደ፤ በልጅነቱ ዓይኑ ጠፋ፤ ዘዴውንም ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ሠራው፤ በ1829 እ.ኤ.አ. አሳተመው። ነገሩ ስድስት ነጥቦች ናቸው። ነጥቦቹ በተለያየ አቀማመጥ ሲደረደሩ 63 ምልክት ይወጣቸዋል። በአማርኛ ፊደል አንዱ ቅርጽ ተነባቢውንም አናባቢውንም አንድ ላይ ይይዛል፤ ለምሳሌ «ሉ» ብለን ስንጽፍ አንድ ፊደል ነው። በአማርኛ ብሬል ግን ተነባቢው ለብቻው፣ አናባቢው ለብቻው ይጻፋል። ጸሐፊው ወረቀቱን በስሌት ላይ ይዞ በስታይለስ ይወጋል። የሚወጋው ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ ወረቀቱ ሲገለበጥ ነጥቡ በሌላው ፊት ጎልቶ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባልና። አንድ የክፍል መምህር ይህንን ለመማር ዓመታት አያስፈልጉትም። በዓይኑ እያየ ምልክቶቹን መለየት በጥቂት ሳምንት ልምምድ ይችላል። ቢሆንም ብዙዎቻችን አንድ ገጽ ብሬል እንኳ ነክተን አናውቅም።

አሁን ወደ መካኒሳ እንመለስ። በ1956 ዓ.ም. ገደማ የአሜሪካ የክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ሚሲዮናውያን በመካኒሳ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ከፈቱ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አልፋ የተባለው ትምህርት ቤት ተከተለ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በሆሳዕና ሌላ አቋቋመች። ሚሲዮናውያኑ ከአሜሪካ የምልክት ቋንቋ ይዘው መጥተው ነበር። ልጆቹ ደግሞ ከየቤታቸው ያመጡት የራሳቸው ምልክት ነበራቸው። በግቢው ውስጥ፣ በመኝታውና በጨዋታው ሜዳ ሁለቱ ተገናኙ። ዛሬ የኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋ የምንለው ያደገው በእንዲህ ያሉ ግቢዎችና መስማት የተሳናቸው ሰዎች በሚሰባሰቡባቸው ማኅበራት ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የእጅ ፊደላችን ነው። ተነባቢው በእጅ ቅርጽ ይታወቃል፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ድምፆች ደግሞ ያው ቅርጽ ሳይለወጥ እጁ በሚያደርገው እንቅስቃሴ ይለያሉ። «ለ ሉ ሊ ላ ሌ ል ሎ» ብለን በአፋችን እንደምንቆጥረው በእጅም ይቆጠራል ማለት ነው። የፊደል ገበታው ከግድግዳ ወርዶ መዳፍ ላይ ተቀመጠ እንደማለት ነው።

ይህ ዕውቀት ቀላል አይደለም። በዓለም ታሪክ የምልክት ቋንቋ የተከለከለበት ዘመን ነበር። በ1880 እ.ኤ.አ. ኢጣልያ ውስጥ ሚላኖ ላይ የተሰበሰቡ የመስማት የተሳናቸው ልጆች አስተማሪዎች «ልጆቹ በአፍ ንግግር ብቻ ይማሩ» ብለው ወሰኑ። ከወሳኞቹ አብዛኞቹ የሚሰሙ ሰዎች ነበሩ። በዚያ ውሳኔ ምክንያት በብዙ አገሮች ልጆች በእጃቸው እንዳይናገሩ ተከልክለው ኖረዋል። በ2010 እ.ኤ.አ. በካናዳ ቫንኩቨር የተሰበሰቡት የዚያው ጉባኤ ወራሾች ያ ውሳኔ ጉዳት ማድረሱን አምነው አወገዙት። መቶ ሠላሳ ዓመት! አስተማሪ ዘዴ ሲመርጥ የሚመርጠው የልጅ ዕድል መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምን አለ?

ልዩ ትምህርት ቤቶቹ ያደረጉትን በጎ ነገር መካድ አይቻልም። ማንም ያልተቀበላቸውን ልጆች ተቀብለው አስተምረዋል። እስቲ ወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤን አስቡ። በአማራ ሳይንት ተወልዳ በአምስት ዓመቷ ዓይኗን አጣች። እናቷና አያቷ ትምህርት እንድታገኝ ስለፈለጉ ሻሸመኔ ወደሚገኝ የዓይነ ስውራን ልጃገረዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ገባች። ከዚያም ተነሥታ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጠናች። በአካል ጉዳተኞች መብት ላይ በሠራችው ሥራም በ2010 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ከሌሎች ጋር ተቀብላለች። በሯን የከፈተላት ያ ትምህርት ቤት ነው።

ይሁን እንጂ የልዩ ትምህርት ቤቱ መንገድ ሁለት ዕዳ ነበረበት። አንደኛ፣ ትምህርት ቤቶቹ ጥቂት ናቸው፤ ልጆቹ ግን በየቀበሌው አሉ። ደጃቸው ላይ ያልደረሰላቸው ብዙ ሺህ ናቸው። ሁለተኛ፣ ዕውቀቱ ከግቢው አልወጣም። ብሬሉ ሰበታ፣ ምልክቱ መካኒሳ ቀረ። የመደበኛው ትምህርት ቤት መምህር «እንዲህ ያሉ ልጆች የሚማሩበት ቦታ አላቸው» ብሎ እጁን አጣጠፈ። አጥሩ የቆመው እንዲህ ነው።

ልጆቹ ግን አጥሩን መዝለላቸው አልቀረም። የሰበታው ትምህርት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ ዓይነ ስውሩ ተማሪ ወደ መደበኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይገባል። «አካቶ» የሚለው ቃል ከመምጣቱ በፊት አካቶው ተጀምሯል ማለት ነው፤ ነገር ግን ያለ ዝግጅት። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ጽፎ «ይህ ከዚህ ጋር እኩል ነው» ሲል፣ ዓይነ ስውሩ ተማሪ «ይህ» የቱ እንደሆነ፣ «ከዚህ» የቱ እንደሆነ አያውቅም። መጽሐፉን የሚያነብለት ጓደኛ ወይም በጎ ፈቃደኛ ካላገኘ ትምህርቱ ያልፈዋል። ብዙዎቹ የተማሩት በመምህሩ ዝግጅት ሳይሆን በራሳቸው ብርታትና በጓደኞቻቸው ዓይን ነው።

እዚህ ላይ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻውን ሳናነሣ ማለፍ አይገባም። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች አስተምሯል። በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት ለአገራችን አስገኝቷል። በዚያን ጊዜ ያስተማሩት ሁሉም በሙያው የሠለጠኑ መምህራን አልነበሩም። ተማሪዎች ነበሩ፤ ሠራተኞች ነበሩ። አጭር ገለጻ ተሰጣቸው፤ የመማሪያ መጽሐፍ፣ ጠመኔና ሰሌዳ ተሰጣቸው፤ ሥራቸውን የሚከታተል ተመደበላቸው። ስለ ዘመኑ ፖለቲካ ብዙ ሊባል ይችላል፤ ስለ ማስተማር ግን አንድ ነገር አሳይቶናል። የአስተማሪ ዝግጅት ከሰማይ አይወርድም፤ በሥልጠና፣ በመሣሪያና በክትትል ይሠራል። ደግሞም ዘመቻው ያላሟላውን እንናገር። የዘመቻው ዋና መሣሪያ ሰሌዳውና የፊደል ገበታው ነበር። ይህ የሚያይ ዓይንና የሚሰማ ጆሮ ላለው ሰው የተሠራ ነው። ቀደም ሲል ያዙልኝ ያልኳችሁ ነጥብ ይኸው ተመልሶ መጣ። ዘዴው የማያውቀውን ሰው ያስቀራል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን የሰነድ ዘመን ነው ማለት ይቻላል። በሚያዝያ 1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አካል ጉዳተኞችና ልዩ ተሰጥዎ ያላቸው ልጆች እንደ ችሎታቸውና ፍላጎታቸው እንዲማሩ ጥረት ይደረጋል አለ። ከዚህም ሌላ የልዩ ትምህርት ሥልጠና በመደበኛው የመምህራን ማሠልጠኛ ፕሮግራም ውስጥ እንዲሰጥ ደነገገ። በዚያው ዓመት፣ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ መጀመሪያ፣ የ92 መንግሥታትና የ25 ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ተወካዮች በስፔን ሰላማንካ ከተማ ተሰብስበው መደበኛ ትምህርት ቤቶች ልጆችን ሁሉ እንዲቀበሉ አወጁ። የእኛ ፖሊሲና የዓለሙ አዋጅ በአንድ ዓመት፣ በወራት ልዩነት የወጡ ናቸው።

ቀጥሎ በ1998 ዓ.ም. የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ ወጣ፤ በ2004 ዓ.ም. ተሻሻለ። በ2002 ዓ.ም. አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676 አጸደቀች። የዚህ ስምምነት አንቀጽ 24 ስለ ትምህርት ነው። መንግሥታት በምልክት ቋንቋና በብሬል የሠለጠኑ መምህራንን፣ አካል ጉዳተኛ የሆኑ መምህራንንም ጨምሮ፣ እንዲቀጥሩ ያዛል። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የአሥር ዓመት መሪ ዕቅድ ተዘጋጀ። በተመረጡ ትምህርት ቤቶች የድጋፍ መስጫ ማዕከላት እንዲቋቋሙ፣ ተዘዋዋሪ መምህራንም ከማዕከሉ እየተነሡ በዙሪያው ያሉትን ትምህርት ቤቶች እንዲያግዙ ታሰበ። ሐሳቡ ግሩም ነው። ያ አጥር የሚፈርሰው በተዘዋዋሪ መምህር እግር ነውና። ሆኖም ትምህርት ሚኒስቴር በየዓመቱ የሚያወጣው አኀዝ እንደሚያሳየው አብዛኞቹ አካል ጉዳተኛ ልጆች እስካሁን ከትምህርት ቤት ውጭ ናቸው።

በሠልጣኙ መምህር በኩልስ ነገሩ እንዴት ነው? እንደ እኔ በማሠልጠኛ ተቋም ያለፉ ብዙዎች የሚያስታውሱት አንድ ኮርስ ነው። ትርጉሙን፣ ዓይነቱን፣ ምክንያቱን ተምረን ተፈተንን። ብሬል አልነካንም። «ስሜ ማነው» ብለን በእጃችን መናገር አልተለማመድንም። መስማት ከተሳነው ልጅ ጋር አንድ ሰዓት ሳንቀመጥ ተመርቀን ወጣን። ከዚያ ስልሳ ልጅ ያለበት ክፍል ተሰጠን። ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ደግሞ አንዱ መምህር ሁሉንም ትምህርት ያስተምራል፤ እኛ «ሰልፍ ኮንቴይንድ» የምንለው ነው። ስለ አካቶ ስንጠየቅ «እደግፋለሁ» እንላለን። ነገ ዓይነ ስውር ልጅ ይመደብልሽ ስንባል ግን እንፈራለን። ይህ የልብ ክፋት አይደለም፤ የእጅ ባዶነት ነው። ባዶ እጅ ደግሞ በምክር አይሞላም።

አንዳንዴ መምህር ያልሆኑ ሰዎች ቀድመውናል። በ1994 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ያቋቋመችው ዘሚ የኑስ መምህርት አልነበረችም፤ የኦቲዝም ችግር ያለበት ልጅ እናት ነበረች። ልጇን የሚቀበል ትምህርት ቤት ስታጣ ራሷ ጀመረች። በፊደላችን ድምፅ ላይ ተመሥርታም «አቡጊዳ ፎነቲክስ» ያለችውን የማስተማሪያ ዘዴ ሠራች። የእኔ ተማሪ አያትና ዘሚ የሚገናኙበት ነገር አለ። ሁለቱም ያዩት ልጁን ነው፤ ዘዴውን ለልጁ አበጁ እንጂ ልጁን ለዘዴው አላበጁም።

ውድ አድማጮች፣ እንግዲህ የታሪኩን ፍሬ እንሰብስብ። የክፍል መምህር ተዘጋጀ የሚባለው ሦስት ነገር ሲኖረው ነው። አንደኛ፣ ልጁን የሚያይበት ዕውቀት፤ ሁለተኛ፣ የሚያስተምርበት ዘዴና መሣሪያ፤ ሦስተኛ፣ ሲቸግረው የሚጠይቀው ባለሙያ። በጎ ልብ ለሦስቱም መነሻ ነው፤ ምትክ ግን አይሆንም። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን መምህሩ ብቻውን አያመጣቸውም፤ የትምህርት ቢሮውና የማሠልጠኛ ተቋማቱ ሥራ ናቸው። የመጀመሪያውን ግን ነገ ጠዋት መጀመር እንችላለን። እኔን ጊዜ አስከፍሎ ያስተማረኝን ልንገራችሁ።

ስለ መስማት፦ ልጁ ሲጠራ የማይመልስ፣ የሚናገረውን ሰው አፍ አተኩሮ የሚያይ፣ አንድ ጆሮውን ወደ ድምፁ የሚያዞር፣ የተጠየቀውን ትቶ ሌላ የሚመልስ፣ ጆሮው የሚመግል ከሆነ «ዝንጉ ነው» አትበሉ። ወላጁን ጠይቁ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ላኩ። ከፊት፣ በሚሰማበት በኩል አስቀምጡት። ወደ ሰሌዳው ዞራችሁ እየጻፋችሁ አትናገሩ፤ ፊታችሁን አሳዩት። በመስኮት በኩል ጀርባችሁን ለብርሃን ሰጥታችሁ ከቆማችሁ ፊታችሁ ይጨልምበታል፤ ስለዚህ ብርሃኑ ፊታችሁ ላይ እንዲያርፍ ቁሙ። ትእዛዙን በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍም ስጡ። ፈጽሞ የማይሰማ ልጅ ከሆነ ግን የመቀመጫ ለውጥ አይበቃውም፤ የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ መምህርና በዚያ ቋንቋ የሚያወጋቸው ጓደኞች ያስፈልጉታል።

ስለ ማየት፦ ደብተሩን ከአፍንጫው የሚያስጠጋ፣ ሰሌዳውን ትቶ ከጎረቤቱ የሚገለብጥ፣ ዓይኑን የሚያጨናብስ ልጅ ምናልባት መነጽር ብቻ ይበቃው ይሆናል። ፊደሉን አጉልታችሁ ጻፉ። ከሁሉ በላይ የምትጽፉትን ጮክ ብላችሁ አንብቡ። «ይህ» እና «እዚያ» ማለትን ትታችሁ ነገሩን በስሙ ጥሩት። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚያየውንም ልጅ ይጠቅመዋል። የጥንቱ የቅኔ መምህር ያደረጉት ይህንኑ አይደል?

ዘግይቶ ስለሚገባው ልጅ፦ ትምህርቱን ቆራርሳችሁ በትንሽ በትንሹ ስጡ። ሌላው ልጅ በአንድ ቀን ሰባቱን ድምፅ ሲይዝ እሱ ሁለቱን ከያዘ፣ ሁለቱን ይዟል ብላችሁ መዝግቡለት። በሚዳሰስ ነገር፣ በጠጠር፣ በባቄላ አስቆጥሩት። ውድድሩ ከትናንቱ ጋር እንጂ ከጎረቤቱ ጋር አይሁን።

ለርእሳነ መምህራን ደግሞ አንድ ቃል አለኝ። በክፍለ ከተማችሁ ልዩ ትምህርት ቤት ወይም የድጋፍ ማዕከል ካለ መምህራኑን ጋብዙ፤ የእናንተንም መምህራን ላኩ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከብዙ ስብሰባ ይበልጣል። እንዲህ ያለ ልጅ ያለበት ክፍል ደግሞ ስልሳ ሦስት ልጅ አይታጨቅበት። ወላጆች ሆይ፣ የልጃችሁን ጉዳት ለመምህሩ ለመንገር አትፈሩ። አትደብቁት። እናንተ የምታውቁትን ማንም መጽሐፍ አያውቀውም። መምህሩም ሲነገረው ይስማ።

እኔ በመጨረሻ የመካኒሳውን መንገድ ስለ እጅ ፊደል ለመማር ተጠቅሜበታለሁ። ገና ጀማሪ ነኝ፤ ጣቴ ይተሳሰርብኛል፤ «ሐ» ስል «ሀ» እላለሁ መሰለኝ ልጆቹ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ያቺ ተማሪዬ አሁን አድጋ ከእኛ ትምህርት ቤት ወጥታለች። አያቷን አልፎ አልፎ ገበያ መንገድ ላይ አገኛቸዋለሁ። ባለፈው ጊዜ ስናወጋ እሳቸው በግራዬ ቆመው ነበር። ሳላስበው በቀኛቸው ዞሬ ቆምኩ። «እኔስ በሁለቱም እሰማለሁ፤ አመሉ ያዘሽ እንዴ ልጄ?» ብለው ሳቁ። እውነታቸውን ነው፤ ይዞኛል። ይህ አመል የዛሬ ስንት ዓመት፣ ልጅቱ ክፍሉን ሳትደግም በፊት ቢይዘኝ ኖሮ ምን ነበረበት!